ግድግዳው ሳይመረመር ለልስን አይከፈል

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር፣ አዝመራው ተሰብስቦ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ በደጋው መንዝ የቤት እድሳት ወቅት ይከፈታል። የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ በሆነችው በዘመሮም ሱቁን የሚያድሰው፣ የቆየ ቤት ገዝቶ ለኪራይ የሚያዘጋጀው፣ መጋዘኑን ወደ ምግብ ቤት የሚለውጠው ነጋዴ ግንበኛ የሚፈልገው በዚሁ ጊዜ ነው። የሚታዘዘውም ሥራ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ውስጡን በሲሚንቶ ለስኑት፣ ከዚያ ቀለም ይቀባ» ይባላል። ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ቤቱ ያምራል፤ ኪራዩም ከፍ ይላል። ቀጣዩ ክረምት ሲገባ ግን ከወለሉ በላይ ያለው ልስን ማበጥ፣ ቀለሙ መላላጥ፣ ከዚያም ልስኑ እንደ ቅርፊት እየተነሳ መውደቅ ይጀምራል።

ያን ጊዜ ክሱ የሚቀርበው በሲሚንቶው ላይ ነው። «ሲሚንቶው የቆየ ነበር»፣ «አሸዋው አፈር ነበረው»፣ «ግንበኛው ሰርቆበታል» ይባላል። እነዚህ ሁሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን በቆየ ቤት ውስጥ ከሚወድቀው ልስን አብዛኛው የሚወድቀው በራሱ ድክመት ሳይሆን የሚይዘው አጥቶ ነው። ከስሩ የነበረው ግድግዳ አልተፈተሸም፤ አልተፋቀም፤ ውሃው አልተዘጋም። ልስን የግድግዳ ልብስ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው ዋጋ መደራደር ያለበት በመጀመሪያ ስለ ልስኑ ሳይሆን ከልስኑ በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው።

በካሬ የሚከፈለው ዋጋ

የችግሩ ሥር ያለው በአከፋፈሉ ላይ ነው። የልስን የእጅ ዋጋ የሚቆረጠው በካሬ ሜትር ነው። ግንበኛው የሚከፈለው ለሸፈነው እንጂ ላዘጋጀው አይደለም። አሮጌውን ልስን ሲያንኳኳ፣ ሲፍቅ፣ አቧራ ሲጠርግ፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ሲጠብቅ የሚያጠፋው ቀን ሁሉ ከኪሱ የሚወጣ ነው። በዚህ ዓይነት ስምምነት ዝግጅቱን የሚያሟላ ግንበኛ ከስሮ ይሠራል፤ የሚያልፈው ግንበኛ ያተርፋል። ገበያው ጥንቁቁን እየቀጣ ቸኳዩን የሚሸልም ከሆነ ጥንቁቅ ሠራተኛ ከየት ይመጣል?

ባለቤቱም በበኩሉ ርካሽ ዋጋ ያቀረበውን ይመርጣል። ርካሹ ዋጋ ግን የተቀነሰው ከትርፍ ሳይሆን ከዝግጅቱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ልስኑ በወደቀ ጊዜ ባለቤቱ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ ማጓጓዣውን፣ የእጅ ዋጋውንና ቀለሙን ሁለተኛ ይከፍላል። በዚያ ላይ ተከራዩ የሚወጣበት ወይም ሱቁ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ሲሚንቶና አሸዋ በጭነት መኪና በሚደርስበት ደጋ ላይ ይህ ሁለተኛ ወጪ ከመጀመሪያው አያንስም።

የትኛው ግድግዳ?

በመንዝ ከተሞች «የቆየ ግድግዳ» ሲባል ነገሩ አንድ አይደለም። አገሩ የድንጋይ ግንብ አገር ነው፤ ድንጋዩም በአብዛኛው የተያያዘው በሲሚንቶ ሳይሆን በጭቃ ነው። ከዚህ ሌላ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተሠርቶ በጭድና በጭቃ የተመረገ ቤት አለ። በኋላ የመጣው ደግሞ የብሎኬት ቤት ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚገኘው ገዢ ይህ የገጠር ከተማ ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ አይችልም፤ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንዳሳየው በአገሪቱ ከተሞች ከሚገኙት ቤቶች አብዛኛዎቹ ግድግዳቸው የእንጨትና የጭቃ ነበር።

ሦስቱ ግድግዳዎች ሦስት ዓይነት ዝግጅት ይፈልጋሉ። ከሦስቱም በፊት ግን የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ውሃው ከየት ነው የሚገባው?

መጀመሪያ ውሃው

እርጥብ ግድግዳን ለስኖ ማድረቅ አይቻልም። ስለዚህ ግንበኛው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ቤቱን በውጭ በኩል መዞር አለበት። የቆርቆሮው ሚስማር ላልቶ ውሃ ያስገባ እንደሆነ፣ አሸንዳው ተበስቶ ወይም ጭራሽ ሳይኖር ቀርቶ የጣሪያው ውሃ ከግድግዳው ሥር እየተረጨ እንደሆነ ይታያል። ከሁሉ የሚረሳው ግን አፈር ነው። መንገዱ በየጊዜው ስለሚሞላና ጥራጊ ስለሚከማች ከቆየ ቤት ውጭ ያለው መሬት ከውስጡ ወለል ከፍ ብሎ ይገኛል። ያ አፈር ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይዞ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። የጥንቱ የድንጋይ ግንብ ከመሠረቱ የሚወጣውን እርጥበት የሚያግድ ንጣፍ ስለሌለው የጠጣውን ውሃ ወደ ላይ ይስባል።

መድኃኒቱ ሲሚንቶ ሳይሆን ዶማና አካፋ ነው። አፈሩን ከውስጡ ወለል ዝቅ እስኪል ማንሳት፣ ውሃው ከግድግዳው የሚርቅበት ቦይ መቅደድ፣ ቆርቆሮውንና አሸንዳውን መጠገን። ይህ የጥቂት ቀን ሠራተኛ ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ ግድግዳው እንዲደርቅ ጊዜ ይሰጠው። ወፍራም የድንጋይ ግንብ በሳምንት አይደርቅም፤ ወራት ይፈልጋል። ቢቻል ቆርቆሮና ቦይ ከክረምቱ በፊት፣ ልስን ከክረምቱ በኋላ መሆን አለበት። ዕቅዱን በዚህ ቅደም ተከተል የሚያወጣ ባለቤት አንድ ክረምት ሙሉ ጥገናውን ፈትኖ ነው ገንዘቡን ልስን ላይ የሚያውለው።

ማንኳኳት፣ መፋቅ፣ ማጠብ

ሁለተኛው ሥራ መዶሻ ይፈልጋል። አሮጌው ልስን ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ይንኳኳ። ድፍን ድምፅ የሰጠው ይዟል፤ እንደ ባዶ ቅል የሚጮኸው ለቋል። የለቀቀው ሁሉ እስከ ግንቡ ድረስ መውረድ አለበት። «ትንሽ ነው፣ በላዩ ይለሰን» የሚለው አነጋገር ኪሳራን በሲሚንቶ ከመቅበር አይለይም፤ አዲሱ ልስን በክብደቱ አሮጌውን ይዞት ይወርዳል። በእርጥበት የተበላ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከሚታየው የእርጥበት ምልክት በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ጨምሮ ማውረድ ይመረጣል።

ሦስተኛው ጥቀርሻ ነው። ዛፍ ባነሰበት ደጋ ኩበት ሲነድበት የኖረ ቤት ግድግዳው በጭስና በቅባት ተለብጧል። በዚህ ላይ ልስን አይዝም፤ ቢይዝም ቡናማው ቀለም በአዲሱ ቀለም ላይ እየወጣ ይታያል። የዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ የሚያንሸራትት ገጽ ላይ ምንም አይጣበቅም። በተደጋጋሚ የተቀባ ኖራ ደግሞ በእጅ ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ሁሉም በሽቦ ብሩሽና በመፋቂያ እስከ ጤነኛው ገጽ ድረስ መነሳት አለባቸው። ቅባቱ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ የጭቃ ምርጊት ከሆነ ግን ውሃ ስለሚያፈርሰው የጠቆረው ሽፋን ተፍቆ ይወርዳል።

አራተኛው ጨው ነው፤ ይህ በተለይ ነጋዴውን ይመለከታል። መንዝ የበግ አገር እንደመሆኑ በከተሞቹ የበግ ቆዳ በጨው ሲከማችባቸው የኖሩ መጋዘኖች አሉ፤ የገበያ ጨው የተከመረባቸውም እንዲሁ። ጨው የጠጣ ግድግዳ በበጋ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ በክረምት ከአየሩ ራሱ እርጥበት እየሳበ ያልባል። ቆርቆሮው ባያፈስ፣ መሬቱ ቢደርቅ እንኳ ግድግዳው እርጥብ ሆኖ ይኖራል። እንዲህ ያለውን መጋዘን ገዝቶ ምግብ ቤት ለማድረግ የሚያስብ ባለሀብት አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ነጩ ጨው በደረቁ በብሩሽ ይጠረግና ከቤት ውጭ ይጣል፤ በውሃ ቢታጠብ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይገባል። ልስኑ ይውረድ፤ ግንቡ ለወራት ክፍት ሆኖ ይተንፍስ። አንዳንዴም ጨውን መጥጦ እንዲወጣ ታስቦ በርካሽ ጭቃ ወይም ኖራ ተለስኖ፣ ከጊዜ በኋላ ያ ልስን ከነጨው ተነስቶ ይጣላል። ይህን ሳያደርጉ በሲሚንቶ መለሰን ጨውን ወደ ላይኛው የግድግዳ ክፍል መንዳት ነው። ጂፕሰም ደግሞ እርጥበትን ፈጽሞ ስለማይችል በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ መታሰብም የለበትም።

ጉድጓዱን በሲሚንቶ መሙላት

አምስተኛው ሥራ ኪስን በቀጥታ የሚነካ ነው። የድንጋይ ግንብ ገጹ እኩል አይደለም፤ አንዱ ድንጋይ ወጣ፣ ሌላው ገባ ብሎ ይገኛል። ቱንቢ ተጥሎ ግድግዳው ሲታይ ጥልቁ ጎድጓዳ አምስትና ስድስት ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። ቸኳዩ ግንበኛ ይህን ሁሉ በልስን ይሞላዋል።

ሒሳቡ ይታይ። አራት በአምስት ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ተቀንሶ 50 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ልስን 1 ሜትር ኩብ ቡኮ ይፈልጋል፤ በአንድ ለሦስት ድብልቅ አራት ኩንታል ተኩል ገደማ ሲሚንቶ ይሆናል። ውፍረቱ በአማካይ አራት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሲሚንቶው ዘጠኝ ኩንታል ይደርሳል። ባለቤቱ በአንድ ክፍል ብቻ አራት ኩንታል ተኩል ሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥ ጨመረ ማለት ነው። በዚያ ላይ ወፍራም ልስን በአንድ ጊዜ ሲለጠፍ በክብደቱ ይንሸራተታል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል።

ትክክለኛው አሠራር በድንጋዮቹ መካከል ያለውን የላላ ጭቃ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ድረስ ቆፍሮ ማውጣት፣ ጥልቁን ጎድጓዳ አስቀድሞ በሽራፊ ድንጋይና ግንቡን በሚመስል ቡኮ መሙላት፣ ያም እስኪጠነክር መጠበቅ ነው። ሽራፊ ድንጋይ በዘመሮ አይገዛም፤ ከእግር ሥር ይለቀማል። የተቆፈረው መጋጠሚያም ለአዲሱ ልስን መያዣ ጥርስ ይሆነዋል።

ጭቃ ላይ ሲሚንቶ

ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። «ሲሚንቶ እያለ ጭቃና ኖራ ወደ ኋላ መመለስ ነው» የሚሉ አሉ። የሲሚንቶ አቅርቦትም ከቀድሞው ተሻሽሏል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. እጥረቱ ገበያውን ካስጨነቀ በኋላ፣ በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ በእንሳሮ ወረዳ ለሚ ከተማ አካባቢ የተገነባው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አቅሙም በቀን 150 ሺህ ኩንታል እንደሆነ ተነግሯል። ምርቱ መቅረቡ ለገበያው መልካም ነው። ሲሚንቶ ስለተገኘ ግን በሁሉም ቦታ ይለጠፍ ማለት አይደለም።

የልስን ሕግ አንድ ነው፤ ከላይ ያለው ሽፋን ከሥሩ ካለው የጠነከረ መሆን የለበትም። ጭቃ ለስላሳ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ድርቅ ያለ ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሲሚንቶው የግድግዳውን ትንፋሽ መዝጋቱ ነው። ቀድሞ በጭቃው በኩል ይተን የነበረው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ቋሚው እንጨት ከውስጥ ይበሰብሳል፤ የድንጋዩ ማያያዣ ጭቃም ይላላል። ከውጭ ሲታይ ቤቱ አዲስ ነው፤ ከውስጥ ግን ያረጃል።

ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። የጎንደር ግንቦች በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠርተው ዘመናትን ተሻግረዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተደረገው ጥገና የገባው ለግንቦቹ የማይስማማ ማቴሪያል በኋላ በተካሄደው እድሳት እየተነሳ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። በአውሮፓም በሲሚንቶ የተለሰኑ የጥንት የድንጋይ ቤቶች እርጥበት አፍነው በመበላሸታቸው ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመልሰዋል። ጎንደርም አውሮፓም ከፍለው የተማሩትን የዘመሮ ነጋዴ እንደ አዲስ ከፍሎ የሚማርበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ በጭቃ ለተመረገ ግድግዳ በውሃ ተዘፍዝፎ የሰነበተ፣ የጤፍ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ በላዩም የኖራ ልስን ይስማማዋል። በጭቃ ለተያያዘ የድንጋይ ግንብም ከንጹሕ ሲሚንቶ ይልቅ ኖራና አሸዋ ይሻላል። ኖራ ዓይንና እጅ ስለሚያቃጥል ሠራተኛው ጓንትና መነጽር ይሰጠው። ሲሚንቶ የግድ ነው የሚል ባለቤት ደግሞ ወንፊት ሽቦ ከቋሚው እንጨት ጋር በሚገባ መመታቱን፣ ግድግዳውም ፍጹም ደረቅ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ይህም ቢሆን ዕድሜውን ማራዘም እንጂ ዋስትና አይደለም። ሲሚንቶ የሚስማማው ለብሎኬትና በሲሚንቶ ለተያያዘ ግንብ ነው። በብሎኬት ቤት የሚገኘው ለስላሳ የኮንክሪት ቋሚ በመሮ መውቀር አለበት፤ ብሎኬትና ኮንክሪት በሚገናኙበትም ሽቦ ይዘርጋ፤ አለበለዚያ ስንጥቁ በዚያው መስመር ይወጣል።

የመጨረሻው ዋዜማ

ልስን ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ሦስት ነገር መጠናቀቅ አለበት። የኤሌክትሪክ መስመሩ ተቆፍሮ፣ ቱቦው ገብቶ፣ ተይዞ ማለቅ አለበት፤ አዲስ ልስን ለገመድ ሲባል መልሶ መቆፈር የተለመደ ስንፍና ነው። ግድግዳው ከአቧራ ተጠርጎ በውሃ መርጠብ አለበት፤ ደረቅ ድንጋይና ብሎኬት የቡኮውን ውሃ መጥጠው ልስኑን ስለሚያቃጥሉት ነው። መርጠብ ማለት ግን ውሃ ማውረድ አይደለም፤ ገጹ ርሶ ውሃው ሲመጠጥ ይበቃል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ በጥቂቱ ማርከፍከፍ ብቻ ነው። በሲሚንቶ በሚለሰነው ግድግዳ ላይ ደግሞ ቀጭን የሲሚንቶና የሻካራ አሸዋ እርጭት ተወርውሮ፣ ሳይስተካከል፣ ለሁለት ቀን ያህል ውሃ እየጠጣ ይጠንክር፤ ቀጣዩ ዙር የሚይዘው ይህንን ሻካራ ገጽ ነው።

በመንዝ የሚጨመር አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ፤ ውርጭ። የእድሳቱ ወቅትና የኅዳርና የታኅሣሥ የሌሊት ብርድ አብረው ይመጣሉ። የአየሩ ሙቀት ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን ሲሚንቶም ኖራም በወጉ አይጠነክሩም፤ ከቀዘቀዙም ይፈረፈራሉ። በርና መስኮቱ ያልተገጠመለት ቤት በዚያ ወቅት መለሰን የለበትም። ሥራው ረፋድ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ይቁም፤ ሌሊት ክፍቱ በሸራ ይዘጋ።

ውሉ ላይ ይጻፍ

ይህ ሁሉ ምክር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ዋጋ ሊኖረው ይገባል። ባለቤቱና ግንበኛው ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት። አንደኛው ዝግጅት ነው፤ ማንኳኳት፣ ማውረድ፣ መፋቅ፣ መጋጠሚያ መቆፈር፣ ጎድጓዳ መሙላት። ይህ በቀን ሒሳብ ወይም ለብቻው በቁርጥ ይከፈል። ሁለተኛው ልስኑ ነው፤ በካሬ ይከፈል። በሁለቱ መካከል ባለቤቱ ባዶውን ግድግዳ በዓይኑ አይቶ፣ በመዶሻ አንኳኩቶ ሳይቀበል የልስኑ ሥራ አይጀመር። ከክፍያውም የተወሰነው ክረምት እስኪያልፍ በመያዣነት ቢቆይ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው፤ ለዝግጅቱ በሚገባ የተከፈለው ግንበኛ መያዣውን የሚፈራበት ምክንያት የለውም።

ግንበኞችም ትችት አይቀርላቸውም። ግድግዳው እርጥብ መሆኑን እያወቁ ሥራው እንዳይቀር ብለው የሚቀበሉ ብዙ ናቸው። «ይህ ግድግዳ ዘንድሮ አይለሰንም» ለማለት የሚደፍር ባለሙያ አንድ ደንበኛ ሊያጣ ይችላል፤ ስሙን ግን ያተርፋል። በትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ስም ከማስታወቂያ ይበልጣል።

የቤት ገዢና ደላላም ከዚህ የሚወስዱት አለ። ለሽያጭ ሲባል ሰሞኑን የተለሰነ የቆየ ቤት ዋጋው ከፍ ብሎ ይቀርባል። ገዢው ግን ሊጠራጠር የሚገባው በዚያው ቤት ላይ ነው። የተላጠ ግድግዳ ያለበትን ሁኔታ አይሸሽግም፤ ገዢው አይቶ ዋጋ ይቀንሳል። አዲስ ልስን ግን ጥቀርሻውንም፣ ጨውንም፣ የበሰበሰውንም ቋሚ እኩል ይሸፍናል። ስለዚህ ቤት የሚያይ ሰው የቀለሙን ንጣት ትቶ ከወለሉ በላይ አንድ ሜትር ያህል በጣቱ ያንኳኳ፤ ከውጭ ያለውን የአፈር ከፍታ ይመልከት፤ ሻጩንም ቤቱ ቀድሞ ምን ይቀመጥበት እንደነበር ይጠይቅ። ሐቀኛ ደላላም ይህን ራሱ ቢያሳይ ኮሚሽኑ አይቀንስበትም።

«ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል» የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። ሱቁ በተዘጋ ቁጥር ነጋዴው ይከስራል፤ ተከራይም አይጠብቅም። ነገር ግን ጊዜው በሁለቱም መንገድ መከፈሉ አይቀርም። አንዱ አስቀድሞ፣ በበጋ፣ በዕቅድ ይከፈላል፤ ሌላው በኋላ፣ በክረምት፣ ዕቃው ከመደርደሪያው ወርዶ ልስን እየተጠረገ ይከፈላል። የትኛው እንደሚረክስ ለነጋዴ አይነገርም።